ወደ መስኮት የተነገረ ቃል

በግቢያችን ውስጥ ነጩ የሚባል ሰው ነበር። መልኩ ጠይም ነው፤ እንዲያውም ጠቆር ይላል። ነጩ ያሰኘው ሥራው ነው። ቀለም ቀቢ ስለነበር አመሻሹ ላይ ወደ ቤቱ ሲገባ ቅንድቡ፣ የጆሮው ጫፍና የክንዱ ፀጉር የግድግዳ ብናኝ ለብሶ ይታያል። ሰፈርተኛው "ነጩ መጣ" ሲል ሰምቶ አይቀየምም። "ታጥቤ ስወጣ ታዩኛላችሁ፤ ያኔ ስም መቀየር ሊኖርባችሁ ነው" ብሎ ያልፋል።

ሥራውን ብዙ ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ። አብዛኛው ድካሙ የቀለሙ ቆርቆሮ ከመከፈቱ በፊት ነው። አሮጌውን ቀለም ይፍቃል፣ ስንጥቁን በስቱኮ ይሞላል፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ያሸዋል። ያን ጊዜ ክፍሉ ጭጋግ የገባበት ይመስላል። አፉ ላይ የሚያስረው ጨርቅ ነበረው፤ ጨርቁ ግን ብዙውን ጊዜ አንገቱ ላይ ነው የሚውለው።

"ለምን አታስረውም?" እለዋለሁ።

"ጋሼ፣ አፌን አስሬ እንዴት ላወራ ነው?"

"ብቻህን እየሠራህ ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

"ከግድግዳው ጋር። ማን እንዲህ አድርጎ እንዳበላሸው ልጠይቀው እንጂ።"

የእኔን ክፍል የቀባልኝ ጊዜ ተጣልተን ነበር። ፈዛዛ ቢጫ ብዬው ሲቀባው ጠቆረብኝ። "ሲደርቅ ይፈካል" አለኝ። "ባይፈካስ?" ስለው፣ "ባይፈካ ዓይንዎ ይለምደዋል" ብሎ መሰላሉን አጣጥፎ ወጣ። ቀለሙ አልፈካም። ዓይኔም እውነት ለመናገር ለመደው። ነጩ እንዲህ ነበር፤ ነገር አያከብድም። የሚያስቸግር ነገር ሲመጣ በቀልድ ገፍቶ ያሳልፈዋል፤ በዚህም ባሕሪው ሰው ሁሉ ይወደው ነበር። ሕመሙንም እንዲሁ በቀልድ ሊያሳልፈው ሞክሯል።

ሚስቱ የእሱ ተቃራኒ ነች። የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ ቃል አታባክንም፣ የጀመረችውን ሳትጨርስ አትቀመጥም። እሱ "አለቃ" ይላታል። "አለቃ ከፈቀደች እመጣለሁ"፣ "አለቃ ሳትሰማ ንገሩኝ"። እያደር ግቢው በሙሉ አለቃ አላት። እሷም ስሙን ተቀበለችው፤ ሲጠሯት ትዞራለች። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ትልቅ ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነች። ደረቷን ነፍታ የምትሄድ፣ ለማንም የማትመለስ ልጅ ነች።

ሳሉ የጀመረው አለቃ በሌለችበት ነው። እናቷ ሌላ ከተማ ታምመው ልታስታምም ሄደች፤ ሳምንታት ይበቃሉ የተባለው ወራት ሆነ። እሱም በስልክ ሲያነጋግራት ሳሉ ከመጣበት ስልኩን ከአፉ አርቆ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይስልና ይመለሳል። "ምነው ዝም አልክ?" ስትለው "በር እየዘጋሁ ነው" ይላል። ለእኛ ደግሞ ሳሉ አቧራ ነው ይለናል። "ዕድሜዬን ሙሉ የዋጥኩት ግድግዳ ሊወጣ ፈልጎ ነው፤ ተዉት ይውጣ።"

አለቃ እናቷን ቀብራ ተመለሰች። በሩን ሳታንኳኳ፣ ገና ከግቢው ደጃፍ ላይ ሆና ሳሉን ሰማችው። ገብታ አልሳመችውም። ሻንጣዋን ከእጇ ሳታስቀምጥ ቆማ፣ "ይሄ ከመቼ ወዲህ ነው?" አለችው። ቀልዶ መለሰላት፤ አልሳቀችም። በማግስቱ ጠዋት ከፊት ከፊት እየመራች ሆስፒታል ወሰደችው።

እዚያ የሆነውን እሱ ብዙ ጊዜ ነግሮኛል፤ መጀመሪያ እየሳቀ፣ በኋላ ሳይስቅ። ራጅ ክፍል አስገብተው ደረቱን ከቀዝቃዛ ሰሌዳ ጋር አስለጠፉት። ባለሙያው "ትንፋሽ ያዝ" ሲለው ያዘ። ትንፋሽ ሲይዝ ደግሞ ሳሉ መጣበት፤ ማሽኑ ሲጮህ እሱም ሳለ። "አብረን ነው የጮህነው" ይለኝ ነበር። ከዚያ ፊልሙን ይዞ ወደ ሐኪሙ ተላከ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው ስላለ አለቃ ኮሪደሩ ላይ ቀረች።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ጠረጴዛው ላይ የካርዶች ክምር አለ፣ አጠገቡ አንዲት ነርስ ቆማለች። ፊልሙን የሚያዩበት የግድግዳ መብራት ተበላሽቶ ስለነበር ሐኪሙ ተነስቶ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋው። አዘነበለው፤ ቀና አደረገው። ከዚያም፣ "ይሄ ምንም አይልም" አለና ለነርሷ ሰጣት። ተቀምጦ የሳል ሽሮፕ ጻፈለት። መጻፉን እንደጨረሰ ስልኩ ጮኸ፤ ለድንገተኛ በሽተኛ ፈልገውት ነበርና እየሮጠ ወጣ። ነርሷ ፊልሙን ፖስታ ውስጥ ከተተችለት።

"መድኃኒት ታዘዘልዎት?" አለችው።

"አዎ።"

"እንግዲህ ጨርሰዋል።"

ወጥቶ ለአለቃ የነገራት አንድ ነገር ነው። "ምንም አይልም አለ።"

"ራሱ ዶክተሩ?"

"ራሱ። ወደ ብርሃኑ አንስቶ፣ አገላብጦ አይቶ።"

አለቃ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ቆይታ ተነሳችና ኮቱን አስተካከለችለት። ከዚያን ቀን በኋላ በሩን ዘግታ ስትሠራ ስታንጎራጉር ሰማን፤ ከእናቷ ሞት ወዲህ ድምፅዋን አውጥታ አታውቅም ነበር።

ይህችን ቃል እኛ ሁላችን ስንናገራት ኖረናል። ልጅ ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ አቧራውን እያራገፍን "አይዞህ፣ ምንም አይልም" እንላለን። እንግዳ ብርጭቆ ሰብሮ ሲደነግጥ "ምንም አይልም" እንላለን፤ ጉዳት የለውም፣ ተወው ማለታችን ነው። ዝናብ የነካው ወረቀት አንስተን ፊደሉ ጠፍቶ ስናገኘውም "ይሄ ምንም አይልም" እንላለን፤ አይነበብም ማለታችን ነው። ቃሏ ያው ነች። የምትለየው የምትነገርለት ነገር ምን እንደሆነ ሲታወቅ ነው። ነጩ ስለ ደረቱ ሊሰማ ሄዶ ስለ ደረቱ የተነገረ መሰለው።

ሽሮፑ ሳሉን ትንሽ አበረደለት። ሲያልቅ ሳሉ ተመለሰ። አለቃ "እንሂድ" ባለችው ቁጥር መልሱ ዝግጁ ነው። "ዶክተሩ አይቶ ምንም አይልም ብሏል። አንቺ ከዶክተር ልትበልጪ ነው?" ትክክል ይመስል ነበር። ያልታየ ሰው ቢሆን ኖሮ ትጎትተው ነበር፤ የታየን ሰው በምን አፍ ትጎትተዋለች? እንዲህ እያለ አንድ ዓመት አለፈ። መሰላል ላይ ሲወጣ መሐል ላይ ቆሞ ማረፍ ጀመረ። ሱሪውን በገመድ አሰረ። አንድ ቀን የሳለበትን ጨርቅ ሲያጥፍ ቀይ አየ፤ የሥራው ቀለም መስሎት አሸተተው። የቀለም ሽታ አልነበረውም።

በዚህ ጊዜ ልጅቷ ሌላ ሆስፒታል ወሰደችው። እኔም አብሬ ሄድኩ። እዚያ ያለው ሐኪም በዕድሜ ገፋ ያለ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ካንሰር መሆኑን፣ ከሳንባው አልፎ ወደ አጥንቱ መድረሱን፣ ማውጣት እንደማይቻል፣ ሕመሙን ማስታገስና ጊዜ ማስረዘም ግን እንደሚቻል ነገረን። ከዚያ የድሮውን ፊልም ጠየቀ። ልጅቷ ከፖስታው አውጥታ ሰጠችው። እዚያ የግድግዳው መብራት ይሠራል።

"ይሄ ሲነሳ ተንቀሳቅሷል" አለ ሐኪሙ። "ሁሉም ደበዘዘ። ለምን አልተደገመም?"

"ምንም አይልም ነው ያለን" አለች ልጅቷ።

ሐኪሙ ፊልሙን እንደገና አየው። "አዎ፣ ልክ ነው" አለ። "ምንም አይልም።"

ያን ጊዜ ነጩን ተመለከትኩት። አፉን ከፍቶ የሐኪሙን ከንፈር እያየ ነበር። ገብቶታል። ለልጅቷ ገና አልገባትም፤ "እንዴት ነው ልክ የሚሆነው?" እያለች ትከራከራለች። እሱ ክንዷን ያዝ አድርጎ "ተይው፣ ተይው" አላት። "ስለ ፊልሙ ነበር። ስለ እኔ አልነበረም።"

ልጅቷ የሐኪሞችን ጥፋት ለሚመረምረው የባለሙያዎች ቦርድ አቤት አለች። መብቷ ነው፤ እኔም ደግፌያታለሁ። ሐኪም ፊልሙ እንደማይነበብ ካወቀ ማስደገም ግዴታው ነው፤ ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ነጩ ግን ስለ ክሱ ሲወራ ይሰለቸው ነበር። የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር ነው፤ እሱም አለቃ ነች።

አለቃ ጥፋቱን ከራሷ ላይ አላወርድ አለች። እናቷን ስታስታምም የቆየችባቸውን ወራት እያነሳች፣ "ገና ሲጀምርህ እዚህ ብሆን ኖሮ" ትለዋለች። ልጅቷ ሐኪሙን ስትረግም አለቃ ትሰማና "ያኔም እኮ ረፍዶ ነበር፤ ዘግይቼ ነው የወሰድኩት" ትላለች። የእናቷን ፎቶ ከግድግዳው አውርዳ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው፤ ሌሊትም እንቅልፍ አጣች። ነጩ ይህን የነገረኝ ሳይቀልድ ነው። "እናቷን ማስታመሟ ጥፋት ሆነባት፣ ጋሼ። እኔን ይሄ በሽታ ይበላኛል፤ እሷን ደግሞ ይሄ ሐሳብ። ያን ቀን በጊዜው ነበር ወይስ ረፍዶ ነበር? ይህን የሚያውቅ ሰው ይኖራል። እሱን ብቻ ነው የምፈልገው።"

"ረፍዶ ነበር ቢሉህስ?" አልኩት።

"ያኔ ለእሷ አልነግራትም" አለኝ። "አንተም አትነግራትም።" አንተ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ቦርዱ የተቀመጠበት ክፍል ፎቅ ላይ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ የውሃ ጠርሙሶች፣ ከኋላ ለቤተሰብ የተደረደሩ ወንበሮች። ጥጉ ላይ ግድግዳው እርጥበት ጠጥቶ ቀለሙ ተነፋፍቷል። ነጩ ገና ከመግባቱ እሱን አየና፣ "ሳያደርቁት ነው የቀቡት" ብሎ አንሾካሾከልኝ። አለቃን ከእኔ አጠገብ፣ መጨረሻ ወንበር ላይ አስቀመጥናት። ልትመጣ አልፈለገችም ነበር፤ "እኔ ብነግራት ለማጽናናት ነው ትላለች፤ የሆነው ይሁን፣ ከራሱ አፍ ትስማው" ብሎ፣ ሐሳቡን ቀይሮ የለመናት እሱ ነው።

ደረጃውን ስንወጣ ልጅቷ አባቷን ስታዘጋጀው ሰምቻለሁ።

"አባዬ፣ 'ጤነኛ ነህ ብሎኛል' በል። ያው ነው እኮ።"

"ያው ከሆነ ያለውን ልበል።"

"አባዬ፣ ቀልድ አይደለም።"

"መች ቀለድኩ? ደረጃው አስተነፈሰኝ እንጂ።"

ሰብሳቢዋ ነጭ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ ያሰሩ አሮጊት ሐኪም ናቸው። በአንድ በኩል ያ ወጣት ሐኪም ተቀምጧል፤ አጠገቡ የሆስፒታሉ የሕግ ሰው። ሐኪሙ ከገመትኩት በላይ ልጅ ነው። እጆቹን ጠረጴዛው ሥር ደብቋቸዋል።

"አባት፣ ቁጭ ብለው ይንገሩን" አሉ ሰብሳቢዋ። "ዶክተሩ ያሉትን ቃል በቃል ያስታውሱታል?"

"አስታውሰዋለሁ። 'ይሄ ምንም አይልም' ነው ያለው።"

"ጤነኛ ነዎት፣ በሽታ የለብዎትም አላሉዎትም?"

ልጅቷ አንገቷን አስረዘመች። ነጩ "እንዲህ አላለኝም" አለ።

"ይህን ሲናገሩ ወደ እርስዎ እያዩ ነበር?"

ጥያቄው ምን ያህል እንደሚከብድ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ አውቆታል። አዎ ካለ ሐኪሙ በሽተኛን አሳስቶ ሸኘ ማለት ነው። አይደለም ካለ ጥፋቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ የራሱ ጆሮ ጥፋት ይሆናል። ማንም ሰው ከዓመት በፊት የማን ፊት ወዴት እንደዞረ ሊረሳ ይችላል፤ ረሳሁ ቢልም ማንም አይወቅሰውም ነበር።

"ፊቱ ወደ መስኮቱ ነበር" አለ ነጩ። "ለነርሷ ይሁን ለራሱ እንጃ። ለእኔ አልነበረም፤ እኔ ነኝ ያነሳሁት።"

የሕግ ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ጻፈ። ልጅቷ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች።

ቀጥሎ ሐኪሙ ተጠየቀ። በሽተኛውን አስታውሳቸዋለሁ ብል እዋሻለሁ አለ። ፊልሙ መደገም እንደነበረበት፣ ነርሷ ትነግራቸዋለች ብሎ እንዳሰበ ተናገረ።

"ይደገም ብለው ነግረዋታል?"

"'ይሄ ምንም አይልም' አልኳት። እኛ ጋ እንዲህ ከተባለ ይደገማል ማለት ነው።"

"ነርሷስ?"

የሕግ ሰውዬው ቀደመና ነርሷ ሥራ ለቅቃ መሄዷን፣ አድራሻዋ እንደማይታወቅ አስረዳ። ሐኪሙ የነገረ መስሎት፣ ነርሷ ሐኪሙ የነገረው መስሏት፣ በሽተኛው ሁለቱም የነገሩት መስሎት፣ አንድም ሰው ምንም ሳይናገር ቀርቷል። ክፉ ሰው ፈልጌ ነበር የመጣሁት፤ አላገኘሁም። ይህም አላጽናናኝም።

ሰብሳቢዋ ለነጩ፣ "የሚጨምሩት አለ?" አሉት። ተነሳ። የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዞ ትንፋሹ እስኪመለስለት ቆመ።

"ለእሱ አንድ ጥያቄ አለኝ።"

"ጥያቄ ካለ በቦርዱ በኩል..." ብሎ የሕግ ሰውዬው ጀመረ። ሰብሳቢዋ "ይጠይቁ" አሉ።

"ዶክተር፣ ያን ቀን ፊልሙ ጥሩ ሆኖ ቢወጣ ኖሮ፣ እድን ነበር ወይ?"

የሕግ ሰውዬው የሐኪሙን እጅጌ ነካ አደረገው። ሐኪሙ "እንዲህ ዓይነት ነገር በእርግጠኝነት... ምናልባት..." አለ።

"ምናልባትማ ቤቴ ሞልቷል፣ ልጄ" አለው ነጩ። በቁጣ አልነበረም። "ያቺ ከኋላ የተቀመጠችው ሚስቴ ነች። ወደ አንተ ያመጣችኝ እሷ ነች። እናቷን ስታስታምም ቆይታ፣ በመጣች በማግስቱ አመጣችኝ። ዘግይታ ነው ወይስ በጊዜው? ላንተ የሚጎዳህ ቢሆንም እሱን ብቻ ንገረኝ።"

ሐኪሙ ዞሮ አለቃን አያት። እሷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ መሬት መሬት ታያለች። ከሁለተኛው ሆስፒታል የመጡት አዲሶቹ ፊልሞች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ ሐኪሙ ግን አላነሳቸውም። ቀደም ብሎ አጥንቷቸው እንደመጣ ያስታውቃል።

"በእርግጠኝነት ማንም ሊናገር አይችልም" አለ። "ግን አዲሱን ፊልም አይቼ ወደ ኋላ ገምቼዋለሁ። ብዙ ሌሊት ነው የገመትኩት። ያኔ ትንሽ ነበር። በቀዶ ሕክምና የሚወጣ ዓይነት ነበር ብዬ አምናለሁ።" የሕግ ሰውዬው "ዶክተር" አለው፤ አልሰማውም። ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ ኋላ ተናገረ። "በጊዜው ነው ያመጧቸው፣ እናቴ። እርስዎ አልዘገዩም። የዘገየነው እኛ ነን።"

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አወለቁ። "ይህ ቃልዎ ሆኖ ይመዝገብ?"

"ይመዝገብ" አለ ሐኪሙ።

አለቃ አላለቀሰችም። ከጎኔ ስለነበረች ያየሁት፣ ቦርሳዋን የያዙት ጣቶቿ አንድ በአንድ ሲላቀቁ ነው። ነጩ "አመሰግናለሁ" ብሎ ተቀመጠ። ትድን ነበር የተባለ ሰው እንዴት እንደሚያመሰግን ብዙዎቹ አልገባቸውም፤ ከጠረጴዛው ወዲያ ያሉት እርስ በርስ ተያዩ። ልጅቷ ግን መዳፏን ከፊቷ ላይ አንስታ አባቷን ስታየው፣ የመጣው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት።

ውሳኔው ከወራት በኋላ ደረሰን። ሐኪሙ ለተወሰነ ጊዜ ከሥራ ታገደ፤ ሆስፒታሉም የበሽተኛ ውጤት ለበሽተኛው ራሱ፣ ፊት ለፊት፣ በሚገባው ቃል እንዲነገር ታዘዘ። ልጅቷ ቅጣቱ አነሰ ብላ ይግባኝ ልትጠይቅ ፈለገች። ነጩ በዚያን ሰሞን አልጋ ላይ ነበር፤ "እንደፈለግሽ" አላት። ከዚያ ብዙም አልቆየም። ሐኪሙ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ጠይቀውኝ ያውቃሉ። ጥፋተኛ ነው፤ ጥፋቱንም አልደበቀም። ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ ለመያዝ እስካሁን ይከብደኛል፤ አንዱን ጥዬ ሌላውን ብቻ ለመያዝ ግን አልፈለግኩም።

ቦርዱ በተቀመጠበት ቀን በአውቶቡስ ነው የተመለስነው። ነጩና አለቃ ከፊታችን ተቀመጡ፤ እኔና ልጅቷ ከኋላቸው። ሁለት ፌርማታ እንኳ ሳንሄድ የአለቃ አንገት ዘመም ማለት ጀመረ። ትንሽ ቆይታ ራሷ እሱ ትከሻ ላይ አረፈ። አፏ ተከፈተ፤ አንኮራፋችም፣ ያውም በደንብ። ነጩ ሳሉ ሲመጣበት በሁለት እጁ አፉን አፍኖ፣ ትከሻውን ሳያነቃንቅ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ይውጠዋል።

ፌርማታችን ሲደርስ ልጅቷ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

"አባዬ፣ ደርሰናል። ወራጅ ልበል?"

ጭንቅላቱን ወዘወዘና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ልጅቷ መልሳ ተቀመጠች። የግቢያችን በር በመስኮቱ አለፈን፤ ከእኛ ጋር የሚወርዱት ወረዱ፣ ሌሎች ተሳፈሩ። ሹፌሩ ወደ መጨረሻው ጣቢያ መንገዱን ቀጠለ።